ታጥቦ ሸክላ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል ነበር። እዚህ አገር ጉዱ መስከረምን አይጠብቅም፤ በየሳምንቱ በካርቶን ታሽጎ በራፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ባለፈው ጥር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በበረዶ ተሸፍና እኔም በጋቢ ተሸፍኜ ሳለሁ፣ ልጄ ከእነዚህ ካርቶኖች አንዱን ጎትቶ አስገባና ሳሎን መሃል ፈታው። ከውስጡ አንድ የብረት ገንዳ ወጣ። ገንዳ ስላችሁ ሰው የሚገባበት አይደለም፤ ድንች መቀቀያ የሚያህል፣ ጎኑ ላይ ቁጥር የሚያበራ ነገር ነው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አልትራሶኒክ ነው አባባ።»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና የሰማችው «አልትራሳውንድ» ብላ ነው። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች፤ ፊቷ እንደ ጥምቀት ቀን በርቷል። ምራታችንን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ስንተኛ ወርሽ ነው የኔ ልጅ?» አለቻት። ምራታችን የቡና ስኒዋን ልትጥል ምንም አልቀራትም። «ኧረ እማዬ፣ ለሸክላ ነው!»

«ለሸክላ? ሸክላው አረገዘ?»

«ሊታጠብበት ነው።»

ባለቤቴ ገንዳውን አየች፣ ልጇን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ ወደ ወጡ ተመለሰች። እኔም መምጠጥ አምሮኝ ነበር። ጥርሴ ሰው ሠራሽ ከሆነ ወዲህ ግን ድምፁ በደንብ አይወጣልኝም።

እንግዲህ ነገሬን ከዚህ ልጀምር። ልጄ ጥሩ ልጅ ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ እናቱን ያከብራል። የሙዚቃ ሸክላ መሰብሰብ ጀመረ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ የእኔ ዘር ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሸክላውን ከመስማት ይልቅ ማጠቡ በዛበት። ገንዳው ሳይመጣ በፊት የገዛው ሌላ መኪና አለ። ያኛው የሚመጥ ነው። ቫኪዩም ይሉታል። እንደ ምንጣፍ መጥረጊያው ሁሉ ይጮኻል፣ ነገር ግን የሚጠርገው ምንጣፍ ሳይሆን በሸክላው ላይ የቀረውን ውሃ ነው። አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ያደርቃል። እኔ ሳድግ ለመላው ቤተሰብ ልብስ አንዲት እናትና አንድ ገመድ ነበሩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ዋጋውን ስጠይቀው «አትጠይቀኝ አባባ» አለ። የእኔ አባት «አትጠይቀኝ» ይሉ የነበረው ሚስጥረ ሥላሴን ስጠይቃቸው ነው።

በእኛ ዘመን ሸክላ እንዴት ይጸዳ ነበር? ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ትንፋሽ ነው። ሸክላውን ወደ አፍ ጠጋ አድርጎ «ሃህ» ማለት፣ ከዚያ በሹራብ እጅጌ ዞር ዞር አድርጎ መወልወል። ሁለተኛው ያለ ትንፋሽ በሹራብ እጅጌ ብቻ። መርፌው ላይ ጥጥ የመሰለ አቧራ ሲጠራቀም በጣት ጫፍ ጠቅ ማድረግ ነው፤ «ዱፍ» ይላል በድምፅ ማጉያው፣ ጭፈራው ይቀጥላል። ልጄ ይኼን ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ። አያቱ መሞታቸውን የሰማ እንጂ ስለ አቧራ የተነገረው አይመስልም።

ሦስተኛም መንገድ ነበር፣ ግን እሱን የሞከረው አጎቴ ብቻ ነው፤ ሁለተኛም አልሞከረውም። አጎቴ የአባቱ ከነበሩት ከባዶቹ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ ከሚዞሩት ሸክላዎች አንድ ሁለት ነበሩት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአረቄ ወለወላቸው። የሰውን ቁስል የሚያጠራ ሸክላን እንዴት አያጠራም ብሎ ነው። ሸክላው ግን የተሠራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነበር፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። ጨርቁ ጠቆረ፣ ሸክላው ነጣ፣ አጎቴ የቀረውን አረቄ ጠጣው። ልጄ ይኼን ታሪክ ስነግረው ከሁሉም በላይ የገረመው አጎቴ ልክ ሊሆን ምንም ያህል አለመቅረቱ ነው። ለዛሬዎቹ የፕላስቲክ ሸክላዎች አልኮል በውሃ አቅጥነው ጥቂት ጠብ የሚያደርጉ አሉ። አጎቴ ዘመኑን ቀድሞ ነው የሰከረው።

አሁን ወደ ገንዳው። ሥርዓቱን ላስረዳችሁ፤ ቅዳሴም እንዲህ ረጅም ዝግጅት የለውም።

መጀመሪያ ውሃው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም አለኝ። «ለምን አይሆንም? እኔ እጠጣው የለ እንዴ?» «አንተ ትጠጣዋለህ አባባ፣ ሸክላው ግን አይችለውም። ሲደርቅ ውስጡ ያለው ማዕድን መርፌው የሚሄድበት ቦይ ውስጥ ይቀራል።» ስለዚህ ከሱፐርማርኬት ዲስቲልድ የተባለ ውሃ በጋሎን ይገዛል። ይኼን ውሃ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የባትሪ ውሃ እንለው ነበር፤ ለመኪና ባትሪ ካልሆነ በቀር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ታላቅ እህቴ ዛሬም እዚያው ሰፈር ናት፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚደርሳት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው «ፍስስ» ሲል ትነሳና ጀሪካኗን ትደረድራለች። ስልክ ደውላ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትለኝ፣ እዚህ ቤት ሸክላ በስድስት ሊትር የባትሪ ውሃ ገላውን ይታጠባል ብዬ እንዴት ልንገራት? «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ዘጋሁ።

ውሃው ገንዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ሁለት ጠብታ የምታህል ሳሙና መሰል ነገር ይጨመርበታል። ሳሙና አይደለም ይለኛል፤ ውሃው ሸክላው ላይ እንደ ዶቃ ተንከባሎ እንዳይቀር፣ ተዘርግቶ ወደ ቦዩ እንዲገባ የሚያደርግ ነው። እሺ። ከዚያ ገንዳው ባዶውን አሥር ደቂቃ ይሠራል፤ አየሩ ከውሃው እንዲወጣ። ውሃ ግሳት እስኪወጣለት የሚጠበቅበት አገር ገብቻለሁ።

አየሩ ሲወጣ ልጄ አንድ ቁራጭ ፎይል ከወጥ ቤት አምጥቶ ውሃው ውስጥ ነከረ። «ተመልከት አባባ።» ተመለከትኩ። ምንም የለም። ውሃው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ገንዳው እንደ ጥርስ ሐኪም መሣሪያ ሲጥ ይላል። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ፎይሉን አውጥቶ ወደ መብራቱ አነሳው። ወንፊት ሆኗል! ምንም ሳይነካው፣ ውሃ ብቻ ነክቶት ብጭቅጭቁ ወጥቷል። እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ፤ አማተብኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው አለኝ። ከገንዳው ሥር የተለጠፉት ነገሮች በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ ይርገበገባሉ። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ በላይ አይሰማም፤ በእኔ ዕድሜ ደግሞ የዚያን ግማሽ ብሰማም ዕድለኛ ነኝ። በንዝረቱ ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ውስጥ ይፈርሳሉ። ሲፈርሱ ነው አካባቢያቸውን የሚመቱት። የሸክላው ቦይ ከጠጉር የቀጠነ ስለሆነ ብሩሽ ታችኛው ጫፍ ድረስ አይደርስም፤ አረፋው ግን ይደርሳል። ኢስቶኒያ ውስጥ የሚሠራ ዲግሪተር የተባለ መኪና አለ፣ 120 ሺህ ጊዜ ይርገበገባል፤ ንዝረቱ በጨመረ ቁጥር አረፋው ያንሳል፣ ያነሰውም ጠልቆ ይገባል፣ ሲመታም ለስለስ ይላል። ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው። «እኔ የገዛሁት ርካሹን ነው» አለኝ፣ እንደ ጽድቅ ቆጥሮት።

«ፎይሉን እንዲህ ያደረገ ሸክላውንስ?»

«ሸክላው አይጎዳም፣ ካላበዛሁት።»

ካላበዛሁት! የአገሬ ሹፌሮች ሁሉ የሚሉትን ነው የሚለኝ።

አሁን የሚያስቀኝን ላሳያችሁ። ሸክላዎቹ አራት አራት እየሆኑ በአንድ የብረት ዘንግ ይሰካሉ። ዘንጉ በትንሽ ሞተር ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሸክላዎቹም ግማሽ አካላቸው ውሃው ውስጥ ገብቶ አብረውት ይዞራሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ በመስታወት ሳጥን የሚሽከረከር የዶሮ ጥብስ አይታችሁ ታውቁ የለም? እሱኑ ነው። ጎረምሳ ሳለሁ መኝታ ቤቴ ድረስ እንደ ታቦት አክብሬ የምይዘው ሸክላ፣ ዛሬ በሾላ ተሰክቶ ሲጠበስ አየሁ። ሙቀቱንም ይቆጣጠረዋል፤ ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ። እዚህ ላይ ልጄን አልተቃወምኩም። ወደ ላንጋኖ ስንሄድ ከቮልስዋገን የኋላ መስታወት ሥር የረሳነው ሸክላ ፀሐይ አግኝቶት ሰፌድ ሆኖ መጥቷልና፣ ሙቀት ምን እንደሚሠራ በራሴ ገንዘብ ተምሬአለሁ።

ከገንዳው ሲወጣ ወደ ሁለተኛው መኪና ይሄዳል። የሚመጠው። ለምን በአየር እንዲደርቅ አትተወውም ብለው፣ ውሃው በራሱ ሲደርቅ የተንሳፈፈውን ቆሻሻ እዚያው ጥሎት ይተናል አለኝ። መምጠጫው ግን ውሃውንም ቆሻሻውንም አብሮ ይወስደዋል። ይኼ እንኳ ልክ ነው፤ ወጥ የፈሰሰበትን ምንጣፍ ዝም ብሎ እንዲደርቅ የሚተው የለም። ሸክላው ይዞራል፣ ከበላዩ ቀጭን ክፍተት ያለው ክንድ ይወርዳል፣ ክፍተቱ ዳርና ዳር ቬልቬት የመሰለ ጨርቅ አለው፣ ከዚያ ሞተሩ ይነሳል። ያ ድምፅ! ቦሌ ኤርፖርት አጥር ሥር ቆሞ አውሮፕላን የሸኘ ያውቀዋል። ባለቤቴ ዜና እየሰማች ከሆነ ዜናው ያልቃል፣ የአገራችን ጉዳይ የት እንደደረሰ ሳናውቅ እንውላለን። ሙዚቃን ጸጥ አድርጎ ለመስማት ሲባል ቤቱ በሙሉ ይጮኻል።

አንድ ቀን ልጄ ሥራ ሄዶ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ላግዘው ብዬ አንዱን ሸክላ መምጠጫው ላይ አስቀምጬ ደህና አድርጌ አደረቅሁት። ደህና ስል ስድስት ሰባት ዙር። ላነሳው ስል ከጣቴ እሳት ወጣ! «ጠሽ» አለ። የመብራት ኃይል ሽቦ የነካሁ መሰለኝ። ማታ ስነግረው ሳቀብኝ፤ ሁለት ዙር ይበቃል፣ ካለፈ ሸክላው ኤሌክትሪክ ይሞላል፣ በተለይ በዚህ ብርድ ቤቱ በማሞቂያ ሲደርቅ ይብሳል አለኝ። ኤሌክትሪክ የሞላ ሸክላ ደግሞ የሚወደው ምን ይመስላችኋል? አቧራ! በአየር ላይ ያለውን አቧራ ሁሉ ወደ ራሱ ይጠራል። በሺህ ዶላር መኪና አቧራውን አስወጥተን፣ በዚያው መኪና አቧራውን ግብዣ ጠራነው። ታጥቦ ጭቃ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ታጥቦ ሸክላን ግን ያየሁት እዚሁ ነው።

ይኼ ሁሉ የዛሬ ልጆች ቅብጠት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ልጄ እዚህ ላይ ረታኝ፣ አልክድም። ሸክላ አጥቦ የሚመጥ መኪና እንግሊዞቹ ገበያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ኪት መንክስ የሚባል ሰው ነው የሠራው፤ ሐሳቡን ያገኘው ፐርሲ ዊልሰን ከሚባል ሰው ነው፤ ቢቢሲም ለራሱ ቤተ መዛግብት ገዝቶታል። የዚያ መኪና ብልሃት ደስ ይላል። አፉ እንደ ልጄ መኪና ሰፊ አይደለም፤ የገለባ ቀዳዳ የምታህል ናት፣ ከሸክላው መሃል ተነስታ ቦይ ቦዩን ወደ ዳር ትሄዳለች። በአፏና በሸክላው መካከል ደግሞ አንዲት የናይለን ክር አለች። ክሯ ሁልጊዜ በጥቂት ጥቂቱ እየተሳበች አዲስ ክር ይተካታል፤ የአንዱ ሸክላ ቆሻሻ ወደ ሌላው እንዳይሄድ ነው። ሸማኔ ያሰበው እንጂ መሐንዲስ ያሰበው አይመስልም።

1969ን ስሰማ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰብኩት። አምሃ እሸቴ የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመው በዚያው ዓመት ነው፤ ድምፃዊውን ዓለማየሁ እሸቴን። ሸክላ የማሳተሙና የማስመጣቱ መብት በንጉሡ ትእዛዝ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር፤ አምሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ሆኖ ትእዛዙን አልፎት አሳተመ። ማተሚያ አገር ውስጥ አልነበረም። መጀመሪያ ወደ ህንድ ልኮ፣ በኋላ ቤይሩት እያሳተመ ነው ያመጣልን። ከዚያ በኋላ እስኪሰደድ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላ አወጣ። አሊ ታንጎ ደግሞ በከይፋ ስም እያሳተመ ተከተለው። እንግዲህ አስቡት፦ ለንደን ላይ ሸክላ በክር ሲጠረግ፣ እኛ ፒያሳ ላይ ሸክላ ወጣልን ብለን ስንጨፍር። እነሱ ቆሻሻውን ሲያስወጡ እኛ ገና ልናቆሽሸው ነው። ማን ቀደመ? እኔ እኛ እላለሁ።

ደግሞ እንዴት አቆሸሽነው! ቤት ውስጥ ዳንስ ሲደረግ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ይነሳል፣ አቧራ ይቦናል፣ እጣን ይጨሳል፣ ቡና ይቆላል፣ ሁሉ ሲጋራ ያጨሳል። ሸክላው ከሽፋኑ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ከጠላ ብርጭቆ ጎን ነው የሚውለው። መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበራል፣ ሻማው ይንጠባጠባል። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያ። ከዚያ ደርግ መጣና ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ዳንሱም ሸክላውም ተቀመጠ፣ ካሴት ወረሰው። ካሴትን ማንም አያጥበውም፤ በእስክሪፕቶ ይጠመዘዛል እንጂ።

ከዚያ ሁሉ ተርፈው ከእኔ ጋር የተሰደዱት 31 ሸክላዎች ናቸው። በሻንጣ፣ በሹራብ ተጠቅልለው። ልጄ እነዚህን ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ አልኩ። ፈረንጆች ለአንዷ በመቶዎች ዶላር እንደሚከፍሉ ነገረኝ፤ አሁንም እምቢ አልኩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ደረጃ ሊያወጣለት ጀመረ። የሸክላ ነጋዴዎች ደረጃ አላቸው፤ ከላይ «ሚንት» አለ፣ እየወረደ ይሄድና «ቬሪ ጉድ» ይመጣል፣ ከሱ በታች «ጉድ» አለ። ደስ አለኝ፣ ጉድ ማለት በእንግሊዝኛ ጥሩ ነውና። «አይደለም አባባ፤ ጉድ ማለት እዚህ መጥፎ ነው፤ ይዘፍናል፣ ግን እየተንጫጫ» አለኝ። የእኔዎቹን አንድ በአንድ ወደ መብራት እያዘነበለ «ጉድ… ጉድ… ይኼ ደግሞ ጉድ…» ሲል እናቱ ከወጥ ቤት «ምንድን ነው ጉዱ? ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች።

እልህ ያዘኝ። እጠበው አልኩ። ቆሻሻ ነው እንጂ ሸክላው ምንም አልሆነም። እጠበውና ታያለህ።

መጀመሪያ የሰጠሁት ከሁሉ የምወደውን ነው፤ ያቺኑ የዓለማየሁን ትንሿን ሸክላ። በጎረምሳነቴ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1966 ጥቅምት ጀምሮ ያለማቋረጥ ሰምቻታለሁ። መሃሏ ላይ ካለው ወረቀት ግማሹ በሻማ ሰምና በማስቲሽ ተሸፍኗል፣ ማን እንደለጠፈው አላስታውስም። ልጄ ወረቀቱን ከውሃ የሚከላከል ክብ ጎማ ግራና ቀኝ አጥብቆባት በዘንጉ ሰካት። ብቻዋን። ገንዳው ሲጥ አለ። በወንበር ቁጭ ብዬ አየኋት።

ሁለተኛው ዙር ላይ ከሸክላዋ ሥር አንድ ነገር ተለቀቀ። እንደ ጭስ ነው፤ ግራጫ፣ ከቦዩ እየተነሳ ወደ ላይ የሚጠማዘዝ፣ ቡና ሲፈላ ከጀበናው አፍ እንደሚወጣው እንፋሎት። ከዚያ ቡናማ ሆነ። ስምንት ደቂቃ ሲሞላ የገንዳው ውሃ ቀጭን ሻይ መስሎ ነበር። ልጄ እየተደሰተ «አየህ? አየህ?» ይላል። እኔ ያ ውሃ ውስጥ የማን ቤት አቧራ፣ የማን ሲጋራ፣ የየትኛው ቅዳሜ እጣን እንዳለ እየቆጠርኩ ነበር። መጸዳጃ ውስጥ ሊደፋው ሲል «ተው፣ ውጭ ድፋው» አልኩት። በረዶው ላይ ደፋው። ቡናማ ምልክቱ እስከ ማግስቱ ቆየ።

ከዚያ መምጠጥ፤ ሁለት ዙር ብቻ። ከዚያ መርፌው ወረደ።

ድሮ መርፌው ሲወርድ ከዘፈኑ በፊት የሚሰማ ነገር ነበር፤ ጠቅ፣ ቅርርር፣ ጠቅ ጠቅ። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሊጀምር ሲል እንደሚለው። አሁን የለም። ጸጥ። እንዳልሠራ መስሎኝ ወደ ልጄ ዞርኩ። ድንገት ከጸጥታው መሃል ባንዱ ገባ። ሳክስፎኑ እዚያ ማዶ ሶፋው ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ባስ ጊታሩን በ50 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፤ ለካ ባስ ነበረው! ባለቤቴ ማማሰያዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ከእልህ ነው ብላችሁ ውሰዱልኝ።

ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ግን አንድ ነገር ሆነ። ድምፁ ተቀደደ። እንደ አሮጌ ጨርቅ ሽርርጥ። ዝቅ ሲል ይስተካከላል፣ ከፍ ሲል ይቀደዳል። «ቆሻሻ ቀርቶታል፣ ድገመው» አልኩ። ደገመው። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ አጠበው፤ ውሃው እንደ ምንጭ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ድምፁ ያው ነው።

ልጄ ቀስ ብሎ፣ ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚናገረው፣ «ይኼ ቆሻሻ አይደለም አባባ። ቦዩ ተበልቷል። በከባድ መርፌ ሲጫወት የግድግዳው ጎን ይፈጫል። ማጠብ አይመልሰውም» አለኝ። ከዚያ ጠየቀኝ፦ «ድሮ ክንዱ ላይ የምትጭኑት ነገር ነበር እንዴ?»

ስሙኒ ነበር። ሸክላዋ ስትዘል ስሙኒ ከመርፌው በላይ በማጣበቂያ ለጥፌባት ነበር፤ ሁሉም ሰው ያደርገው ነበር። ስሙኒው ሲያንስ ሁለት ስሙኒ። መዝለሏን ተወች፣ እኔም ብልሃቴን አደነቅሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስትንጫጫ «አቧራ ነው» ስል ኖርኩ። ደግ ነበር አቧራው፤ አንድም ቀን አላጋለጠኝም።

ይኼም ሳይበቃ ልጄ ጎማውን ሲፈታ ከወረቀቱ ላይ የሻማው ሰም እርጥበትና ሙቀት አግኝቶት ኖሮ ማስቲሹን ይዞ ተላጠ። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪፕቶ የተጻፈ ነገር ወጣ። ያኔ ሸክላችን በዳንስ ቤት እንዳይጠፋ ስማችንን እንጽፍበት ነበር። ልጄ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ ሁለት ፊደል ነው፣ ከዚያ «ንብረት» ይላል። «የአንተ ስም በዚህ ፊደል አይጀምርም እኮ» አለኝ።

አይጀምርም። ለአንድ ቅዳሜ ነበር የተዋስኩት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በ1966 ጥቅምት ካዛንችስ በነበረው ዳንስ ላይ «ሰኞ እመልሳለሁ» ብዬህ ነበር። የት እንዳለህ አላውቅም፤ ይኼን ካነበብክ ሸክላህ እኔ ዘንድ ናት። ስሙኒውን የጫንኩት እኔ ነኝ። ታጥባለች፣ ደርቃለች፣ በአዲስ ከረጢት ገብታለች፤ መጥተህ ውሰዳት።